ወፎቹ ስለ ማን ያወራሉ? ከባቱ እስከ ሰነቲ

ወፍ ለማየት አብረውኝ የተጓዙት የሰፈሬ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ጋሼን ግን «ስንቱን አይተዋል?» ብትሏቸው ወሬ ይቀይራሉ። መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል። «ሰው የወፉን ስም ካወቀ በኋላ ወፉን ማየት ያቆማል» ይላሉ።

ከመነሣታችን በፊት ሁለት ነገር አስማሙኝ። ስልኬ ላይ የጫንኩትን የወፍ መለያ መተግበሪያ እሳቸው ሳይፈቅዱ አልከፍትም። ወፍ ባየሁ ቁጥር ደግሞ «ይሄ ምንድነው?» ከማለቴ በፊት ምን እየሠራ እንደሆነና ወዴት እያየ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ቶሎ ቶሎ ፎቶ አንስቶ ለሚያልፍ ሰው ይሄ ቅጣት ነው።

ጊዜውን የመረጡትም እሳቸው ናቸው። ኅዳር ላይ ዝናቡ አብቅቷል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም ገብተዋል። በዚያ ላይ ኅዳር 12 አዲስ አበባ በቆሻሻ ጭስ የምትታጠንበት ቀን ነው፤ በማግስቱ ከተማውን ለቆ መውጣት ለሳንባም ደግ ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ። ባቱ

ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣን። በሰው 400 ብር፣ ለጋሼ ቦርሳ ደግሞ 50 ብር ጭማሪ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ቢኖክላር፣ ወፍራም ካፖርትና አንድ ፌስታል ቆሎ ነው። «ቆሎውም ትኬት ይቁረጥ እንዴ?» ብለው ተከራከሩ። ረዳቱ ንቅንቅ አላለም።

ሞጆ ላይ ተገንጥሎ ባቱ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድ ነገሩን አቅልሎታል። ድሮ በመቂ በኩል ከጋሪና ከከብት ጋር እየተጋፉ ነበር የሚኬደው። አራት ሰዓት ላይ ባቱ ገብተን ቡና እየጠጣን ነበር። ስኒው 25 ብር፣ ያውም በፈንድሻ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድን። የጀልባ መቆሚያው ላይ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ያራግፋሉ፣ ልጆች ቆሮሶ ይበልታሉ፤ ዙሪያቸውን አባ ኮዳና ፔሊካን ከብቦ ቆሟል። አባ ኮዳ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ አጠገቤ ሲቆም አፉ ወገቤ ጋ ደረሰ። አልሸሸም። እኔ ነኝ የሸሸሁት።

«ምን እየሠራ ነው?» አሉ ጋሼ።

«ቆሟል።»

«ወዴት እያየ ነው?»

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ሁሉም የሚያዩት ወደ አንድ ልጅ እጅ ነው። ሌሎቹ ልጆችም ዓሣ ይዘዋል፣ ግን ገና ቅርፊቱን እየፋቁ ናቸው። ያ ልጅ ሆድ ዕቃ ወደ ማውጣቱ ደርሷል። ቢላው የዓሣው ሆድ ላይ ሲያርፍ አባ ኮዳዎቹ አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። ከዚያ በፊት ማንም አልተነቃነቀም። ሥራውን ደረጃ በደረጃ ያውቁታል ማለት ነው።

የአባ ኮዳ እግር ነጭ ይመስላል፣ ግን ቀለሙ አይደለም። በራሱ እግር ላይ ይኮሳል። ፈሳሹ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ይህን ሲነግሩኝ ቁርስ ባልበላ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከደንገሉ ዳር ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ትምህርቱ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የእኛ መድረስ ያመጣው ጫጫታ ነው ይላሉ ጋሼ፤ ያ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። እውነትም ቆየት ብሎ ቦታው ሌላ ሆነ። ደንገሉ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት ቢጫ ወፎች ወደ ጭቅጭቃቸው ተመለሱ። በውሃ ላይ በሚንሳፈፈው ቅጠል ላይ ጃካና የሚባል ወፍ መራመድ ጀመረ፤ ጣቶቹ ከመርዘማቸው የተነሣ ቅጠሉ አይሰምጥም። ከኋላው ጫጩቶች አሉ። «ይሄ አባትየው ነው» አሉ ጋሼ። በጃካና ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ሌላ ባል ጋ ትሄዳለች። «ሰፈር እንዳታወሪው» አሉኝ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ደብተሬ ላይ የሰፈረው። ከግራ በኩል ያለው ጫጫታ በድንገት ተቋረጠ። ቢጫዎቹ ወፎች ደንገል ውስጥ ሰመጡ፤ ዳክዬዎቹ ወደ መሐል ውሃ ዋኙ። ጃካናው ዝቅ አለና ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር አቅፎ ብድግ አለ። ከጎኑ የተንጠለጠሉ ቀጫጭን እግሮች ይታያሉ። ፔሊካኖቹ ግን ቀና እንኳን አላሉም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጭልፊት በደንገሉ ጫፍ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ።

«እነማን ፈሩ? እነማን አልፈሩም?» አሉ ጋሼ። ፔሊካን ካልፈራ የመጣው አዳኝ ትልቅ አይደለም። ዳክዬ ከፈራ ደግሞ ትንሽም አይደለም። አዳኙን ሳታይው መጠኑን ታውቂያለሽ ማለት ነው። ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ የዋለውን ዓሣ አዳኝ ንስር ማንም ከቁብ እንዳልቆጠረው ያኔ ገባኝ። እሱ የሚጮኸው ስለ ግዛቱ ነው። የሚፈራው ዝም ያለው ነው።

ማታ ዓርብ ስለሆነ ጋሼ ሽሮ አዘዙ። እኔ የተጠበሰ ቆሮሶ በ350 ብር። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ዋጋ የሚመጣው ግማሹ አጥንት ነው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ። አቢያታና ሻላ

አንዲት አሮጌ ቪትዝ ከነሹፌሯ ለቀኑ በ3,500 ብር ተከራየን። ፓርኩ በር ላይ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ተመደበልን፤ የአካባቢው ልጅ ነው፣ ከእኔ ትንሽ ያንሳል። ጋሼ ገና ሰላም ሳይባባሉ «አንተ ልጅ፣ ሰጎን አታሳየን። ጉጉት የት ነው የምታድረው?» አሉት። ደስ አለው። እንግዳ ሁሉ ሰጎንና ፍላሚንጎ ነው የሚጠይቀው አለ።

ጉጉቷን ያገኘናት እሱ ስላወቃት ሳይሆን ወፎቹ ስለከሷት ነው። ግራሮቹ መሐል እየሄድን ሻካራ የሆነ፣ የሚደጋገም ጫጫታ ሰማን። የአንድ ዓይነት ወፍ አይደለም። ትንንሾቹም ትልልቆቹም ወደ አንድ ግራር ተሰብስበው ይንጫጫሉ፣ ዘለል እያሉ ይጠጋሉ፣ መልሰው ይሸሻሉ። ስካውቱ ጣቱን ቀሰረ። ቅርንጫፉ ሥር ትልቅ ግራጫ ጉጉት ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የዓይኗ ቆብ ሮዝ ነው። በቀን የምትተኛበትን ቦታ አውቀውባት ሊያባርሯት ነው።

እኛ አገር ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል፣ ገደ ቢስ ናት። ወፎቹ የሚጠሏት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ማታ ጎጆ ትዘርፋለች። በቀን ደግሞ ድንገት መያዝ አትችልም፣ ስለዚህ ድፍረቱ ይመጣል።

ጋሼ ከቆሎው እየዘገኑ አስረዱኝ። ፒተር ማርለር የሚባል ሳይንቲስት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ጽፏል። ለተቀመጠ ጠላት የሚሰማው ጩኸት ሻካራና ተቆራራጭ ነው፤ ከየት እንደመጣ በቀላሉ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ጠሪው «ኑ» እያለ ነው። ከሰማይ ለሚመጣ ጭልፊት የሚሰማው ግን ቀጭን፣ ረጅም ፉጨት ነው። ጆሮ አቅጣጫውን ሊይዘው ይቸገራል። ጠሪው መገኘት አይፈልግማ። የመጀመሪያውን የሰማ ይሰበሰባል፣ ሁለተኛውን የሰማ ባለበት ይደርቃል። ስንት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ሁለቱንም ስሰማ «ወፍ ይጮኻል» ብዬ አልፌያለሁ።

ወደ አቢያታ ስንወርድ ቪትዟ ጉድ ሠራችን። ሐይቁ ድሮ የነበረበት ቦታ አሁን ሜዳ ነው። ወደ አቢያታ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከሐይቁ ደግሞ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲወሰድ ኖሯል። ዳርቻው ሸሽቶ ሸሽቶ ነጭ ቅርፊት ያለው ጭቃ ትቷል። ቅርፊቱ ከላይ ደረቅ ነው። ሹፌራችን «ሰው ሲሄድበት አይቻለሁ» ብሎ ገባበት። መኪናዋ እስከ ሆዷ ሰጠመች። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሮጠው መጡ፣ ድንጋይና ጭራሮ ጎዘጎዙ፣ ገፋን፣ ጭቃው ፊታችን ላይ ተረጨ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ለልጆቹ 500 ብር ከፈልን፤ የቆሎው ፌስታልም አብሮ ሄደ።

መኪናዋ እስክትወጣ ያየሁትን ግን አልረሳውም። ከላሞቹ እግር ሥር ጅራቱ እንደ ሹካ የተከፈለ ጥቁር ወፍ ነፍሳት ይለቅማል። ድሮንጎ ነው። ላሞቹ ሲረግጡ የሚነሣውን ፌንጣ ይቀልባል። ጋሼ ይህን ወፍ «ሌባው» ነው የሚሉት። በደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ የተጠናው ድሮንጎ የሌሎች እንስሳትን የማስጠንቀቂያ ጩኸት አስመስሎ ይጮኻል። የሰሙት የያዙትን ምግብ ጥለው ይሮጣሉ፣ እሱ ወርዶ ያነሣል። ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሁልጊዜ አይዋሽም። ጭልፊት ሲመጣ እውነቱን ይናገራል፣ ስለዚህ ጭራሽ ችላ ሊሉት አይችሉም። የእኛው ግን በዚያን ቀን አልዋሸም፣ ላሞቹ ስለበቁት ይሆናል።

ፍላሚንጎዎቹን ከሩቅ አየናቸው፤ ራሳቸውን ገልብጠው ውሃውን ያጣራሉ። ትንሽ ልንጠጋ ስንል ገና መቶ ሜትር ላይ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ቀጥሎ መራመድ ጀመሩ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «እዚህ ጋ ቁሚ። አንድ እርምጃ ከጨመርሽ ይነሣሉ።» ቆምን። መራመዱን ተዉት፤ አንዱ ራሱን መልሶ ውሃ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ሌላው።

ከሻላ ወገን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ለፔሊካን የሚሆን ዓሣ ግን የለውም። ፔሊካኖች ግን ደሴቶቹ ላይ ይፈለፍሉ ነበር፤ ቀበሮና ጅብ አይደርስባቸውማ። ለምግብ ጎረቤት አቢያታ ይበሩ ነበር። የአቢያታ ውሃ ሲቀንስና ጨውነቱ ሲበዛ ዓሣው አለቀ። መኖሪያው እዚያው አለ፣ ገበያው ተዘጋ።

ማታ ሐዋሳ ገባን። ያረፍንበት ቤት ውሃ አልነበረውም። ፊታችን ላይ የደረቀውን የአቢያታ ጭቃ በሃይላንድ ውሃ ታጠብን።

ኅዳር 15፣ እሑድ። ሐዋሳ

የነቢያት ጾም የገባበት ቀን ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በር ላይ ክርክሩ ደምቋል። አንዱ «ዓሣ በዚህ ጾም ይበላል» ይላል፣ ሌላው «የት ተጽፎ?» ይላል። ሻጮቹ ከመጀመሪያው ወገን መሆናቸው አይገርምም። ጋሼ ምንም ሳይሉ ሻይ በዳቦ ያዙ። እኔ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በ80 ብር፣ በሚጥሚጣ።

አባ ኮዳዎቹ እዚህም አሉ፣ ከባቱ በብዙ እጥፍ። እዚህ የሚገርመው ከሰው ጋር ያላቸው ውል ነው። ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች እየሠሩ በክርናቸው ገፋ ያደርጓቸዋል። አሞራው ቅር አይለውም። ካሜራ ይዞ ቀጥ ብሎ የሚመጣ እንግዳ ሲያይ ግን ዘወር ይላል። የሚያስፈራው ቅርበት ሳይሆን አመጣጥ ነው። እኔም ሞከርኩት፦ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ስሄድ ተበተኑ፤ ጎን ለጎን፣ ሌላ ነገር እያየሁ ስሄድ አጠገባቸው ደረስኩ።

ከገበያው ወጥተን የሐይቁ ዳር ዛፎች ሥር ተቀመጥን። ጦጣዎች ከሰው ማንጎ ይቀማሉ፣ ልጆች ይስቃሉ። እዚህ ነው የጉዞው ትልቁ ትምህርት የመጣው፣ ያውም ወፍ ካልሆነ እንስሳ።

ኬንያ ውስጥ አምቦሴሊ ላይ ዶሮቲ ቼኒ፣ ሮበርት ሴይፋርትና ቅድም ያነሣሁት ማርለር በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት አለ። እነዚህ ጦጣዎች ለነብር አንድ ዓይነት፣ ለንስር ሌላ፣ ለእባብ ሌላ ጩኸት አላቸው። ድምፁን ቀድተው በማጫወቻ ሲያሰሟቸው ለነብሩ ዛፍ ላይ ወጡ፣ ለንስሩ ወደ ሰማይ አዩ፣ ለእባቡ ቆመው ሣሩን መረመሩ። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል። እኔ ያልሰማሁት ተከታዩን ነው። ቼኒና ሴይፋርት ቆይተው ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ የሆነውን ወፍ፣ ስታርሊንግን፣ ድምፅ አሰሟቸው። ጦጣዎቹ የወፉንም ማስጠንቀቂያ ለይተው ይረዳሉ። ወፉ ስለ ጭልፊት ሲጮህ ወደ ላይ ያያሉ።

ያ ወፍ ደግሞ ከፊታችን ነበር። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በየሆቴሉ ግቢ የምታዩት ነው፣ ጠረጴዛ ሥር ፍርፋሪ የሚለቅመው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ጋሼ ሸለብ አደረጋቸው። ከዚያ ከዋርካው በላይ አንድ ስታርሊንግ ጥርት ያለ ድምፅ አሰማ። ማንጎ የያዘችው ጦጣ መላጥ አቁማ ቀና አለች። ከአፍታ በኋላ ጭልፊት ከዛፎቹ በላይ ዞሮ ሄደ። ልጆቹም፣ ፎቶ የሚያነሱትም፣ ሾርባ ሻጯም አላዩትም። ከእኛ ሁሉ ይልቅ ጦጣዋ ወፉን ታዳምጣለች።

ጋሼን ቀስቅሼ ነገርኳቸው። «እና ምን ጠበቅሽ? ሥራዋ ነው እኮ» ብለው መልሰው ተኙ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ። ወደ ዲንሾ

ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ ነው መንገዱ። ኮፈሌ ስንደርስ ብርዱ ገባ፣ የጋሼ ካፖርት ከቦርሳው ወጣ። ገብስና ስንዴ የሚታጨድበት ጊዜ ነው፤ በፈረስ የሚሄዱት ሰዎች በኮርቻው ላይ የሚጥሉት ጨርቅ ያሸበረቀ ነው።

አዳባን አለፍ ብለን ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማው ራሱ ትርፍ ያስፈልገዋል። ሹፌሩ ጎማውን በሞተር አስጭኖ ወደ ከተማ ላከና ሜዳ ላይ ቀረን።

ተሳፋሪው ተማረረ፣ ጋሼ ግን ደስ ብሏቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከፊታችን አዝመራው የታጨደበት ማሳ ላይ አፉ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ቁራ ይንጎራደዳል። አዲስ አበባም ይታያል፣ ግን እዚያ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ነው የማውቀው። እዚህ የደረቀ እበት ፊት ቆሞ አፉን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይበትነዋል። ሥሩ ያሉትን ትሎች ነው የሚፈልገው። ይህ ቁራ በዓለም ላይ ያለው በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ብቻ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ተሳፋሪ «ቁራ ለማየት ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት?» ብላ ሳቀችብን። ትንሽ ቆይታ ግን እሷም «ኸረ እዩት፣ ያንን ደግሞ ገለበጠው» ማለት ጀመረች።

ዲንሾ የገባነው መሽቶ ነው። ክፍሉ በ800 ብር፣ ብርድ ልብሱ ሦስት ድርብ። ያከራየችን እናት ትኩስ ወተትና ጭኮ አቀረበች፤ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው የባሌና የአርሲ ምግብ ነው። ጋሼ በጾሙ ምክንያት አመስግነው መለሱ። አዝና ከሐረና ጫካ የመጣ ማር አመጣችላቸው፣ እሳቸውም ማር ግን ጾም አይገድለውም አሉ።

ማሩ ወሬ አመጣ። ቤት ውስጥ የነበረ የፓርክ ስካውት ማር መሪዋን ያውቃታል። ይህች ወፍ እየጮኸች ሰውን ወደ ንብ ቀፎ ትወስዳለች። ሰው ማሩን ይቆርጣል፣ እሷ ሰሙን ትበላለች። ሰም መፍጨት ከሚችሉ ጥቂት ወፎች አንዷ ናት። በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር የተሠራ፣ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አለ። ያለ ወፏ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ ከእሷ ጋር 3.2 ሰዓት። አበራረሯንና ድምፅዋን አይተው ቀፎው ምን ያህል እንደቀረም ያውቃሉ። «ደግ ወፍ ናት» አልኩ። ጋሼ ማሩን እየላሱ «ለሰው» አሉ። እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች። የተፈለፈለው ጫጩት አፉ ላይ ባለው ሹል መንጠቆ የባለቤቶቹን ልጆች ይገድላል። ስካውቱ ይህን አያውቅም ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ። ዲንሾ

ቀኑን ሙሉ የትም አልሄድንም። በባሌ ተራሮች ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ጫካ ውስጥ ተቀመጥን። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። የደጋ አጋዘኖች በቅርብ ይግጣሉ፤ ከርከሮም አለ።

ስለዚህ ቀን ብዙ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ፦ የምኒልክ ድኩላው ከጫካ ከመውጣቱ በፊት መምጣቱን አወቅኩ። ቁጥቋጦው ውስጥ ያለች አንዲት ወፍ አጭር «ጭክ፣ ጭክ» አለች፣ ቀጥላ አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አለች፣ ደገመችው። ድምፁ ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነገር እየተከተለ። አዳኝ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም ይቀበሏት ነበር፤ አልተቀበሏትም። «ትልቅ ነው፣ ይሄዳል፣ ግን አይበላቸውም» አልኩ ለጋሼ። ድኩላው ወጣ። ጋሼ ከኪሳቸው ደስታ ከረሜላ አውጥተው ሸለሙኝ። የስንት ዓመት ተማሪዎቻቸውም እንደዚህ ሳይሸለሙ አልቀሩም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። ሰነቲ

ከአዳማ ከመጡ ሁለት ወጣቶች ጋር መኪና ተጋራን፣ ድርሻችን ለሁለት 4,000 ብር። ከጎባ ሽቅብ ነው። ኮሶው አለቀ፣ አስታው አለቀ፣ ከዚያ ጅብራና ድንጋይ ብቻ። የሰነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር። ራሴን አመመኝ። አንደኛው ወጣት አስመለሰው። ጋሼ ምንም አልሆኑም፣ ይሄ ትንሽ አናደደኝ።

ሁሉም የመጣው ለቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ወጣቶቹ አድማሱን በቢኖክላር ያስሳሉ። ስካውታችን ግን አድማስ አያይም። መንገዱ ዳር ያለውን አፈር ነው የሚያየው።

«ወፏን እዩ» አለ።

በተቆፈረ አፈር ክምር ላይ ቡናማ ትንሽ ወፍ ተቀምጣለች። ቻት ይሏታል በእንግሊዝኛው፤ ምንም የሚያምር ነገር የላትም። ከፊቷ ካለው ጉድጓድ የትልቁ ፍልፈል ራስ ብቅ አለ። ይህ ፍልፈል ከባሌ ውጪ የትም የለም። ዓይኖቹ ራሱ አናት ላይ ናቸው። ቀኑን አብዛኛውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ሣር ለመሰብሰብ ሲወጣም ከጉድጓዱ ብዙ አይርቅም። ቀበሮው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ እሱን ነው።

ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ ወፏ ከሥሩ የወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። እሷ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ አካባቢውን ታያለች። አደጋ ስታይ ትጮኻለች፣ ፍልፈሉ ይገባል። አንዱ ቆፋሪ ነው፣ አንዷ ዘበኛ።

ወጣቶቹ ፎቶ ለማንሣት በር ከፍተው ወረዱ። ወፏ ሁለቴ ጮኸችና ወደ ሌላ ድንጋይ በረረች። ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። ጋሼ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ልጆቼ፣ አሁን የጮኸችው ስለ እናንተ ነው። ግቡና በሩን ዝጉ» አሏቸው። ገቡ። መኪናው ውስጥ ዝም ብለን ቆየን። ወፏ ተመለሰች፣ ቀጥሎ የፍልፈሉ ራስ።

ቀበሮውን መጀመሪያ ያየው ስካውቱ ነው፣ እሱም ራቅ ያለች ሌላ ቻት ክንፏንና ጅራቷን እየነቀነቀች ስትጮህ ሰምቶ። ቀዩ ጀርባ ከድንጋዮቹ መሐል ዝቅ ብሎ መጣ። በሆዱ ይሳባል፣ ይቆማል፣ ይሳባል። ሁለተኛው ፍልፈል ውጭ ነበር። ቀበሮው ሊዘል ሲል የፍልፈሉ ዘበኛ ጮኸች። አፈር ብቻ ቀረ። ቀበሮው አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ በእግሩ ጫር ጫር አደረገና ተወው። ትንሽ ራቅ ብሎ አንዲት ተራ የሣር አይጥ ይዞ በላ።

«ይቺን ወፍ ይጠላት ይሆን?» አለ አንደኛው ወጣት።

«እሱን እንጃ» አለ ስካውቱ። «እኔ ግን እወዳታለሁ። እሷ ባትኖር ግማሹን ቀበሮ አላገኘውም ነበር።»

ያን ቀን መተግበሪያውን እንድከፍት ተፈቀደልኝ። ኔትወርክ አልነበረም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ። ሮቤ

አውቶቡሱ ንጋት ላይ ስለሚነሣ ትኬቱን ከዋዜማው ቆርጠን ሮቤ ነበር ያደርነው። በመንገድ ላይ ጋሼ ስለሚቀጥለው ጉዞ ብቻ ነው ያወሩት። ያቤሎ መሄድ ይፈልጋሉ። እዚያ አካባቢ ብቻ የምትኖር፣ ለሳይንስ የታወቀችው በ1938 (እ.ኤ.አ.) የሆነ ግራጫ ወፍ አለች። ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ነው፤ ከብት በሚውልበት ሜዳ ላይ በቡድን ትለቅማለች፣ ጎጆ ስትሠራም ረዳት አላት። ማር መሪዋንም ከቦረና ሽማግሌዎች ጋር በዚያው እናያለን ይላሉ።

እኔ ጥር ላይ ይሁን አልኩ፣ ደረቅ ነው፣ ፈቃድም አገኛለሁ። እሳቸው ሚያዝያ ነው የሚሉት፣ ዝናብ ሲጥል ነው ጎጆ የምትሠራው።

«ጋሼ፣ በሚያዝያ ጭቃ ማን መኪና ይገፋል?»

«አንቺ። አቢያታ ላይ ተምረሻል እኮ።»

አዲስ አበባ እስክንገባ አልተስማማንም።